ለአንድ ጨዋታ የመጣች እንግዳ

አባቴ ወደ ስፔን የወሰደኝ እዚያ ትቶኝ ሊመለስ ነበር። እኔ ደግሞ የምሄደው የእግር ኳስ ጨዋታ ለማየት መስሎኝ ነበር። የተነገረኝ እንደዚያ ነው፤ ቅዳሜ ደርሰን፣ እሑድ ጨዋታውን አይተን፣ ሰኞ እንመለሳለን። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነ ቦታ እንግዳ ልሆን ነው ብዬ ደስ ብሎኛል። እናቴ በዚያ ሁሉ በረዶ እጅጌ የሌለውን ስስ ቀሚሴን ሻንጣ ውስጥ ስትከተው አይቻለሁ። ስፔን ሞቃት አገር ስለሆነ ነው ብዬ አለፍኩት። ቀሚሱ ላይ እንዳጎነበሰች ብዙ ቆየች፤ አጣጥፋ መጨረስ ያቃታት መስሎኝ ነበር።

ያን ጊዜ የምንኖረው ዙሪክ ነው። አባቴ ኤላዲዮ ግንበኛ ነበር፤ እናቴ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች። አገሩ የፈለገው ጉልበታቸውን ነበርና ፈቃድ የሰጠው ለሁለቱ ብቻ ነው። ልጅ ፈቃዱ ውስጥ የለችም። ከአራት ዓመቴ ጀምሮ የኖርኩት እንደሌለሁ ሆኜ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ። እነሱ ሥራ ሲሄዱ በሩ ይቆለፍብኛል። ጫማ ማድረግ ክልክል ነው፤ በወፍራም የሱፍ ካልሲ ነው የምሄደው። ቧንቧ አልከፍትም፣ ሽንት ቤት ውሃ አልለቅም፣ ሲያስነጥሰኝ ፊቴን ትራስ ውስጥ እቀብራለሁ። በር ከተንኳኳ አልጋ ሥር ነኝ። ሕጉ አንድ ነበር፤ እናቴም ጠዋት ጠዋት ጆሮዬ ሥር ትደግምልኛለች፦

"ድምፅሽ ከተሰማ ይወስዱሻል።"

ማን እንደሚወስደኝ፣ ወዴት እንደሚወስደኝ ጠይቄ አላውቅም። ማንበብ ያስተማረችኝ በሹክሹክታ ነው፤ እኔም የምመልስላት በሹክሹክታ ነበር። አባቴ ማታ ሲሚንቶ እንደለበሰ ሲገባ ራሴን እነቀንቅለታለሁ። በላሽ? እነቀንቃለሁ። ደህና ዋልሽ? እነቀንቃለሁ። አባትና ልጅ ሆነን አምስት ዓመት እንዲህ ተግባባን። አባቴ የልጁን ድምፅ አያውቀውም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በዚያ ክረምት ጉንፋን ያዘኝ። ከታች የምትኖር ሴትዮ እናቴን ደረጃ ላይ አስቁማ "ቀን ቀን ከላይ የሚያስለው ማነው?" አለቻት። ከዚያ ዕለት በኋላ እናትና አባቴ እኔ የተኛሁ ሲመስላቸው ይንሾካሾኩ ጀመር። "ከዚህ በላይ አይቻልም" ይላል አባቴ። "ባልቢና እሺ ብላለች" ይላል። እናቴ መልስ አትሰጥም። ባልቢና የሳል ሐኪም መሰለችኝ።

ባልቢና የአባቴ ታላቅ እህት ነበረች። ስፔን ውስጥ፣ ከቪጎ ከተማ ማዶ ባለች ትንሽ የወደብ ከተማ ከባሏ ከሴልሶ ጋር ትኖራለች፤ ሳርዲን በቆርቆሮ የሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ቅዳሜ ደርሰን በሩ ላይ ጥምጥም ስትልብኝ የዓሣና የሳሙና ሽታ አፈነኝ።

"የኔ እናት! እንዴት አድገሻል! እያት፣ ሴልሶ፣ አፍንጫዋ ቁርጥ የእናታችን!"

"አመሰግናለሁ አክስቴ" አልኩ፣ እንደለመድኩት።

"ምን አልሽ? ምን ትንሾካሾኪያለሽ? ሰው የሞተበት ቤት አስመሰልሽው እኮ!"

ጫማዬን በሩ ላይ አውልቄ ካልሲዬን ከሻንጣ አወጣሁ። አክስቴ አባቴን አየችው። አባቴ መስኮቱን አየ።

ያሳዩኝ ክፍል አዲስ አልጋ ነበረው። ለሁለት ቀን እንግዳ አዲስ አልጋ መግዛታቸው ገርሞኝ ምን ያህል ቢወዱኝ ነው አልኩ። ከበሩ ጀርባ ሰማያዊና ነጭ መስመር ያለው ባለእጅጌ የተማሪ ሽርጥ ተሰቅሏል፤ እዚያ አገር ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ ከልብሳቸው በላይ የሚደርቡት ዓይነት። አክስቴና ሴልሶ ልጅ የላቸውም።

"የማን ነው?" አልኳት።

"የ... የጎረቤት ልጅ ነው" አለችና ትራሱን መታ መታ አድርጋ ወጣች።

በዚያች የጎረቤት ልጅ ቀናሁ። ማንም ሳያየኝ ሽርጡን ለካሁት፤ እጅጌው ልክክ አለ።

እሑድ ከምሳ በፊት አባቴና አክስቴ ወጥ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። መጀመሪያ ቀስ ብለው ነበር፤ ከዚያ ድምፃቸው ከፍ እያለ መጣ። "አልችልም፣ ባልቢና! በቃ አልችልም!" የሚለው አባቴ ነው። "ታዲያ የት ልታደርጋት ነው? ተመልሳ አልጋ ሥር ልትገባ ነው?" የምትለው አክስቴ። ስለ ምን እንደሆነ ለማሰብ ጊዜ አላገኘሁም፤ የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እየጮሁ ነው፣ ሊሰሙ ነው፣ ሊወስዷቸው ነው። በካልሲዬ ሮጬ በሩን ከፈትኩና ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ቆምኩ።

ሁለቱም ዝም አሉ። አክስቴ ወደ ምድጃው ዞራ ድስቱን በማያስፈልግ ሁኔታ ታማስል ጀመር። ተሳካልኝ፤ አዳንኳቸው ብዬ ኮራሁ።

ወደ ስታዲየም የሄድነው በእግራችን ነው፣ እኔ፣ አባቴና ሴልሶ። ይዘንባል። ጋሊሲያ በሚባለው በዚያ የስፔን ክፍል በዚያ ወቅት ዘነበ ብሎ የሚያወራ የለም፤ ያልዘነበ ዕለት ነው የሚወራው። መንገዱ ሙሉ ጥቁር ጃንጥላ ነው። ሴልሶ በጨዋታ ቀን ካልሆነ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር፤ በጨዋታ ቀን ግን የሳምንቱን ሁሉ አንድ ላይ ይለቀዋል።

"እንግዳችን፣ ዕድለኛ ነሽ" አለኝ። "ቀብር ላይ ደርሰሻል። ዛሬ ከተሸነፍን ከምድቡ ወረድን ማለት ነው። ይሄን ቡድን የሚመራው ሰውዬ ድሮ በርሜል ይሸጥ ነበር፤ ተጫዋቾቹንም የሚገዛው እያንከባለለ ነው።"

ስፔን ያን ጊዜ በአምባገነን እጅ ነበረች፤ በሩ ላይ ግራጫ የለበሱ ፖሊሶች ቆመዋል። ሳያቸው ትንፋሼን ያዝኩና የአባቴ ካፖርት ውስጥ ገባሁ። አባቴ ጎንበስ አለ።

"አይዞሽ። እዚህ አገር ፖሊስ አንቺን አይፈልግሽም።"

"እውነቱን ነው" አለ ሴልሶ፣ ለራሱ። "እኛን ነው የሚፈልገው።"

በረኛው "ልጅቷስ?" ሲል ሴልሶ "የኤላዲዮ ልጅ ናት። ከስዊዘርላንድ ድረስ ይሄን ጉድ ልታይ የመጣች እንግዳ ናት፤ አስከፍለህ ታሳፍረናለህ?" አለው። በረኛው ሳቀና ጉንጬን ነካ አድርጎ አስገባኝ።

ጣሪያ የሌለው የሲሚንቶ ደረጃ ነበር። ሰዉ ጋዜጣ አንጥፎ ይቀመጣል፣ የሱፍ ፍሬ ይፈለፍላል፣ የወይን ጠጅ የያዘ የቆዳ ኮዳ ከእጅ እጅ ያዞራል። ከኋላችን አንድ ትከሻው ሁለት ሰው የሚያህል ሥጋ ሻጭ ነበር።

"ጃንጥላህን አውርድ!" አለ ከፊቱ ያለውን። "እኔ የመጣሁት ኳስ ለማየት ነው፤ ያንተን ጨርቅ እቤትም አየዋለሁ!"

"እየበሰበስኩ ነው እኮ!"

"በስብስ! ቡድኑም በስብሷል!"

ጨዋታው ሲጀመር ጆሮዬን በሁለት እጄ ያዝኩ። ያን የሚያህል ድምፅ በዓለም ላይ መኖሩን አላውቅም ነበር። ዳኛውን ይሰድባሉ፣ እናቱን ይሰድባሉ፣ መነጽሩን ረስቶት እንደመጣ ይነግሩታል። እኔ የማየው ሜዳውን አልነበረም። በሩን ነበር የማየው። አሁን ይገባሉ፣ አሁን ይወስዷቸዋል እላለሁ። ማንም አልገባም። ያ ሁሉ ሰው ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል፣ ግራጫዎቹ ፖሊሶችም ጀርባቸውን ሰጥተው ኳስ ያያሉ። ቀስ በቀስ እጄን ከጆሮዬ ላይ አወረድኩ።

"ጩኺ እንጂ!" አለኝ ሴልሶ። "እዚህ ዝም የሚለው ሰላይ ብቻ ነው።"

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ዝናብ ገባበትና ዘጋሁት።

በእረፍት ሰዓት አባቴ አክስቴ የሰጠችንን ዳቦ አወጣ፤ ውስጡ ድንችና እንቁላል አለው። ቆርሶ ትልቁን ለኔ ሰጠኝ፣ የራሱን እጁ ላይ እንደያዘ ተወው። እንግዶቹ አንድ ለዜሮ እየመሩን ነበርና የማንም ፊት ደህና አልነበረም፤ የአባቴም ፊት ከዚያ የተለየ አልመሰለኝም።

"ሳቤላ፣ አክስትሽን ወደድሻት?"

ነቀነቅኩ።

"ቤቱንስ?"

ነቀነቅኩ።

"ባሕሩ ደስ አይልም?"

ነቀነቅኩ። ለአባቴ ሌላ መልስ ኖሮኝ አያውቅም። "ዙሪክ ብንመለስስ?" ቢለኝም ያው ነበር የማደርገው። ዳቦውን አየና ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። አሁን ሳስበው፣ ያን ጊዜ ከሁለት አንዱን እንድመርጥለት እየለመነኝ ነበር። ልጅ ናትና አንድ ነገር ትናገራለች፣ ታለቅሳለች፣ እግሬን ትይዛለች ብሎ ይሆናል። እኔ የማውቀው መነቅነቅ ብቻ ነው።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው የሆነው። የግራ ክንፍ ተጫዋቻችን፣ ቀጭን፣ ከጭቃው የተነሳ የማልያው ቀለም የማይታወቅ ልጅ፣ ኳሷን ይዞ በእኛ በኩል ሮጠ። አንድ አለፈ፣ ሁለት አለፈ። ሰዉ ተነሳ፤ አባቴ አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገኝ። ልጁ መታት፤ መረቡ ተወዛወዘ። ስታዲየሙ ፈነዳ። ያን ጊዜ ከሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ተነስቶ ወጣ። ቃል አልነበረም። "ጎል" እንኳ አላልኩም። የአምስት ዓመት ሙሉ ድምፅ ነበር፤ ከየት እንደሚመጣ ሳላውቅ፣ እንዴት እንደሚቆም ሳላውቅ ወጣ።

የመስመር ዳኛው ባንዲራውን አንስቶ ነበር። ኦፍሳይድ። ሰዉ ሁሉ አንድ ላይ ድርግም ሲል የእኔ ጩኸት ብቻውን ቀረ። ከሥጋ ሻጩ ጀምሮ እስከ ታች ድረስ ያለው ሰው ዞሮ አየኝ።

"ኧረ ጉሮሮ!" አለ ሥጋ ሻጩ። "ይቺን ልጅ ለመስመር ዳኛው ጆሮ አከራዩን!"

ሳቁ። ሴልሶ እየሳቀ ጭኔን መታ መታ አደረገኝ። አባቴ ግን ከትከሻው አውርዶ ፊት ለፊቱ አቆመኝና አየኝ። እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ጃንጥላው ከእጁ ወድቋል፣ ዝናቡ በፊቱ ላይ ይወርዳል። ምን እንዳደረግሁ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ጮህኩ። አፌን በሁለት እጄ ከደንኩ።

ፊሽካው ሲነፋ ቡድናችን ወረደ። ከዚያ ሰዉ ሁሉ ከኪሱ ነጭ መሐረብ እያወጣ ያውለበልብ ጀመር፤ ሺህ መሐረብ፣ ከዚያም በላይ፣ በዚያ ግራጫ ዝናብ ውስጥ። እናቴ ዙሪክ ባቡር ጣቢያ ላይ እንደዚያ ነበር ያውለበለበችልኝ። እንግዳ መሆኔን ያወቁ መሰለኝ፤ ነገ ስለምሄድ እየተሰናበቱኝ ነው ብዬ እጄን አነሳሁላቸው።

"ላንቺ አይደለም፣ ሞኝ" አለኝ ሴልሶ፣ የራሱን እያውለበለበ። "ለዚያ በርሜል ሻጭ ነው። ውረድልን፣ ሂድልን እያልነው ነው።"

ይሄ የዚያ አገር ሰው ቁጣ ነው። ሲመረው ነጭ መሐረብ ያወጣል። ይህን እስክለምድ ዓመታት ወስዶብኛል፤ አሁንም መሐረብ ሲወጣ ሳይ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ስንብት ነው።

የአባቴ መሐረብ ዓይኑ ላይ ነበር። ትከሻው ይርገፈገፍ ነበር። ሥጋ ሻጩ ከኋላ ከባድ እጁን ጫነበትና "በርታ ወንድሜ፣ እንመለሳለን፤ ቢበዛ ሁለት ዓመት ነው" አለው። እሱም ያለቅስ ነበር። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ከተማ፣ ወንድ ልጅ ሳይጠየቅ የሚያለቅሰው ቀብር ላይና ስታዲየም ውስጥ ብቻ ነበር። እኔ ግን ጠይቄ ሳልጨርስ መልሱን አውቄዋለሁ። አባቴ የሚያለቅሰው ስለጮህኩ ነው። ድምፄ ተሰማ፤ አሁን ይወስዱኛል።

ወደ ቤት ስንመለስ ተሸክሞኝ ነበር፣ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ የሚሆን ነገር ባይሆንም። አንገቱ ውስጥ ገብቼ "ሁለተኛ አልጮህም" አልኩት በሹክሹክታ። ዝናቡ ጃንጥላው ላይ ይመታ ነበር፤ አልሰማኝም።

ጠዋት ስነሳ የአባቴ ጫማ በሩ ሥር የለም። አክስቴ ያንን ሽርጥ ክንዷ ላይ አድርጋ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

"አባትሽ ሥራ ስላለበት ሄደ፣ የኔ እናት። አንቺ ከኛ ጋር ነሽ። ትምህርት ቤት ትገቢያለሽ፣ ጓደኛ ታፈሪያለሽ። እሱ በገና ይመጣል። አልቅሺ፣ አይዞሽ፣ እዚህ ማልቀስ ይቻላል።"

አላለቀስኩም። ምክንያቱን አውቀው የለ እንዴ። ካልሲዬን አደረግሁ።

የዚያን ዕለት አንድ ነገር ወሰንኩ፤ ከዛሬ ጀምሮ ዝም እላለሁ፤ ከድሮውም የበለጠ ዝም እላለሁ። አባቴ ሲመጣ እንደታረምኩ አይቶ ይወስደኛል። ትምህርት ቤት ስጠየቅ ሰሌዳው ላይ ወጥቼ እጽፋለሁ እንጂ አልመልስም። ልጆቹ "ዲዳዋ ስዊስ" አሉኝ። አክስቴ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ፤ ሐኪሙ ጉሮሮዬን አይቶ ደህና ናት አለ። ደህና ነበርኩ። የምሠራውን አውቅ ነበር።

ገና ደረሰና አባቴና እናቴ መጡ። እናቴ እቅፏ ውስጥ አስገብታኝ ስታለቅስ እኔ ፈገግ አልኩላት፤ አፌ ግጥም። ምሳ ላይ አባቴ ሹካውን አስቀመጠና፣

"ሳቤላ፣ እስቲ አንድ ነገር ተናገሪ። የፈለግሽውን" አለኝ።

ፈተና መሆኑን ወዲያው አወቅሁ። ራሴን ነቀነቅኩ።

በማግስቱ ስታዲየም ወሰደኝ። ቡድኑ በታችኛው ምድብ ነውና ግማሹ ደረጃ ባዶ ነበር። ጎል አገባን፤ ሰዉ ዘለለ። አባቴ ሜዳውን አያይም፤ የሚያየው እኔን ነው፣ አፌን። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ከንፈሬን ነክሼ ተቀመጥኩ። አሁን አለፍኩ አልኩ በሆዴ። ይኸው፣ ጎል ገብቶ እንኳ አልጮህኩም።

በሳምንቱ ጥለውኝ ሄዱ። ዝምታዬ አልበቃም ማለት ነው ብዬ በሚቀጥለው ገና ደግሞ የባሰ ዝም አልኩ። አባቴ በየዓመቱ ይመጣል፣ በየዓመቱ ስታዲየም ይወስደኛል፣ በየዓመቱ ከንፈሬን ያያል። እያረጀ ሄደ። ከሰው ጋር ማውራት የጀመርኩት ዘግይቶ ነው፣ ከጓደኞቼ ጋር፣ ከባሌ ጋር። ከአባቴ ጋር ግን አልሆነልኝም። እሱና እናቴ ጡረታ ወጥተው ከተማችን ሲገቡ እኔ ትልቅ ሴት ነበርኩ፤ ስለ አየሩ፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም እናወራለን፣ ከዚያ ሁለታችንም ቡና ስኒያችን ውስጥ እናያለን። ቂም አልነበረም፤ ልማድ ሆኖብን ነው።

አባቴ የሞተው አምና ነው። ከቀብር ተመልሰን የአክስቴ የባልቢና ቤት ሰው ሞልቶበት ነበር። እሷ ዘጠና ሊሆናት ነው፤ የፋብሪካው ማሽን ጆሮዋን ጨርሶታልና ስታወራ ትጮኻለች፣ ካልጮኹላትም አትሰማም። አጠገቧ አስቀመጠችኝና እጄን ያዘች።

"ወንድሜ ተጎድቶ ሄደ" አለችኝ። "አንቺ አታውቂም። ያን እሑድ እኮ ሐሳቡን ቀይሮ ነበር። ወጥ ቤት ውስጥ ተጣላን፤ 'አልችልም፣ መልሼ እወስዳታለሁ' አለኝ። ቲኬትሽንም ሊቆርጥ ነበር። ከጨዋታው ሲመጣ ግን ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። 'ባልቢና፣ ድምፅ አላት!' አለኝ፣ እዚች ወንበር ላይ ተቀምጦ እየተንሰቀሰቀ። 'ልጄ ድምፅ አላት! እንዴት ያለ ድምፅ መሰለሽ! መልሼ አልጋ ሥር አላስገባትም፤ እኔ እሞታለሁ እንጂ እሷ እዚህ ትጩህ' አለ።"

ስለዚህ ልክ ነበርኩ። የተተውኩት በመጮኼ ነው።

"በየገናው ይመጣ የነበረው ያንን ድምፅ ደግሞ ሊሰማ ነው" አለች አክስቴ። "ስታዲየም የሚወስድሽ ለዚያ ነበር። አንቺ ዝም ስትይው ተመልሶ ይመጣና 'ቂም ይዛብኛለች ባልቢና፣ ልክ ናት' ይለኛል። ሞተ እስኪባል ድረስ ይሄ ነገር ከውስጡ አልወጣም። ምን አለ አንድ ቀን እንኳ ብትጮሂለት፣ ልጄ?"

"እንዲወስደኝ ብዬ ነው" አልኩ።

"ምን አልሽ?" እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

"ዝም ያልኩት እንዲወስደኝ ብዬ ነው።"

"አልሰማሁሽም የኔ እናት፣ ጮክ በይ!"

"እንዲወስደኝ ብዬ ነው!" ብዬ ጮህኩ። "እንዲወስደኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት!"

አሁን ሰማችኝ። ቤቱን የሞላው ሰው ሁሉ ሰማኝ። አባቴን ግን ጠዋት ቀብረነው ነበር የመጣነው።